ለኮፒ የተሠራ ደብተር

ደብተሩን መጀመሪያ ያወቅሁት በኮፒው ነው። ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ከግቢው በር ማዶ ከተደረደሩት ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ በሃንድአውትና በድሮ ፈተና ክምር መካከል፣ በሽቦ የተጠረዘ ጥራዝ ይሸጥ ነበር። ስም የለበትም። ኮፒ የሚያነሳው ልጅም ሆነ ገዢው «የሲኒየሯ» ነው የሚሉት፤ «የሲኒየሯን አምጣ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይፈለግም። እኔ የገዛሁት የኮፒ ኮፒ ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ የራቀ። የሌላ ሰው ኖት እዚህ ደረጃ ሲደርስ ግራጫ ጭጋግ ይለብሳል፤ ጠርዙን ጥራዙ ይውጠዋል፤ በእርሳስ የተሣለው ሥዕል እንደ ጭስ ይበናል። የሲኒየሯ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበብ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁም። ዕድሌ ደህና ኮፒ የጣለልኝ መስሎኝ ነበር።

ዋናውን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በአንድ የዲዛይን ሥራ ላይ አብራኝ የምትሠራ ባልደረባ አለች። አንድ ቀን የቢም፣ ማለትም በምሰሶ ላይ የሚጋደም ተሸካሚ፣ ስሌት ስታሳየኝ፣ አንዳንዶቹን ቁጥሮች በትንንሽ ሳጥን ስታጥር አየሁና ደነገጥኩ። ሳጥኑን አውቀዋለሁ። ፈተና በደረሰ ቁጥር ሌሊቱን ሳፈጥበት የነበረ ሳጥን ነው።

«ሲኒየሯ አንቺ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እቤቷ ሄጄ፣ ቡናው እስኪደርስ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ገጽ በገጽ አየሁት። ይህን የምጽፈው ያ ቅዳሜ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊያዳብራቸው ስለሚገቡ ችሎታዎች ብዙ ይነገራል። የአጠናን ዘዴ፣ የሥራ ዝግጁነት፣ የመሪነት ክህሎት እየተባለ በየራሱ አዳራሽ ሥልጠና ይሰጥበታል፤ በየራሱ የምስክር ወረቀት ይታደልበታል። እኔ ሦስቱንም በአንድ ገመድ ተገምደው ያየኋቸው በዚህች ልጅ ደብተር አሠራር ውስጥ ነው።

ሽፋኑ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ባለ ካሬ ነው። ጀርባው ተቀዶ በቁስል ፕላስተር ተይዟል። በጥራዙ በኩል፣ በሁሉም ገጽ ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶ ተትቷል። ደብተር ኮፒ ማሽን ላይ ተዘርግቶ ሲደፋ መሐሉ ከመስተዋቱ ጋር አይገጥምም፤ እዚያ የተጻፈ ፊደል ይጣመማል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ እዚያ አልጻፈችም። ሥዕሎቹ መጀመሪያ በእርሳስ ተሥለው በላያቸው በጥቁር እስክሪብቶ ተደግመዋል። ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ሳየው የእርሳሱ ጥላ ከቀለሙ ሥር ይታያል፤ ሁለቱ የሚለያዩባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ሐሳቧን የቀየረችባቸው ናቸው።

ቀይ እስክሪብቶም አለ። ግን ቀይ ለብቻው የቆመበት ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ከቢሙ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሻገር ቁጥር በቀይ ተጽፏል፤ ደግሞም በሳጥን ታጥሯል። የመጨረሻው መልስ በቀይ ነው፤ ከሥሩም ድርብ መስመር አለው። ስሕተት በቀይ ነው፤ ከጎኑም እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰበረ መስመር ይወርዳል።

«ቀይ ኮፒ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው» አለችኝ። «ቅርፅ ካልሰጠሁት ያነበበው ሰው ከሌላው አይለየውም።»

ሁለተኛ ዓመት ሳለች የዶርም ጓደኛዋ ኖቷን ኮፒ አድርጋ ካጠናች በኋላ መጥታ፣ «የትኛው ነው የተሰጠው፣ የትኛው ነው የወጣው?» ብላ ጠየቀቻት። በዋናው ላይ ቀይና ጥቁር ሆኖ የተለየው፣ በኮፒው ላይ አንድ ሆኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሯን የጻፈችው አጠገቧ ላልሆነ ሰው ነው። እኔ በተማሪነቴ ሳጥኖቹን የልጅቷ ጌጥ አድርጌ ነበር የማያቸው። ያ ጌጥ ያልኩት ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ በማሽን ተገልብጦ፣ ቀለሙን ሁሉ አጥቶ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ አሁንም ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቀይን ለተለየ ሥራ ማቆየት በአገራችን ያረጀ ጥበብ ነው። የብራና ጸሐፊ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም፣ የምዕራፉንም መክፈቻ በቀይ ይጽፋል፤ የቀረውን በጥቁር። ከመጻፉ በፊት የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም በደነዘ ጫፍ መስመር ያወጣል፤ ዓምዱን ይለያል፤ ኅዳጉን ሰፋ አድርጎ ይተወዋል። ኅዳጉ መጽሐፉን የሚገልጠው ጣት ያርፍበታል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አንባቢም እርማቱንና ማስታወሻውን ያሰፍርበታል። ባልደረባዬ ብራና ፍቃ፣ ቀለም በጥብጣ አታውቅም። ሆኖም ወረቀቷን ስትከፋፍል የጸሐፊውን ጥያቄ ጠይቃለች፦ ይህን ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው እጁን የት ያሳርፋል?

አሁን ወደ አንድ ገጽ ልግባ። ኮፒው ላይ ብዙ ጊዜ ከመገለጡ የተነሳ ጫፉ ያለቀው ገጽ ነው፤ «ሞመንት ዲስትሪቢዩሽን» የሚባለውን ዘዴ ይዟል። ዘዴውን ያወጣው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ሃርዲ ክሮስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው አሥር ገጽ ያህል ብቻ በሆነ ጽሑፍ። ከእሱ በፊት በብዙ ምሰሶ ላይ የተጋደመ ቢም ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለማወቅ፣ መሐንዲሱ ብዙ እኩልታዎችን አንድ ላይ በእጁ መፍታት ነበረበት። የክሮስ ሐሳብ ግን በቃል የሚነገር ነው። ቢሙ በየምሰሶው ላይ እንዳይዞር ተቆልፏል ብለህ አስብ። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ፍታ። መገጣጠሚያው ሚዛኑ እስኪመጣ ይዞራል፤ ያልተመጣጠነውን ትርፍ ግራና ቀኝ ያሉት የቢሙ ክፍሎች እንደ ግትርነታቸው ይካፈሉታል፤ ከተካፈሉትም ግማሹ ወደ ማዶ ጫፍ ይሻገራል።

ለዚህ የመረጠችው ምሳሌ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰደ አይደለም። ራሷ ነች ያበጀችው፤ ቁጥሮቹ ሳይሸራረፉ እንዲወጡ። ቢሙ ሁለቱ ዳር ከግድግዳ ጋር ተጣብቀው የተያዙ፣ መሐሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ያረፈ ነው፤ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የግራው ክፍል 6 ሜትር ርዝመት አለው፤ በየሜትሩ 20 ኪሎኒውተን ይሸከማል። የቀኙ 4 ሜትር ነው፤ በየሜትሩ 30 ይሸከማል። ቢሙን የሚያጎብጠው ነገር፣ ሞመንት የምንለው፣ ሁሉም በተቆለፈበት ሁኔታ የሚገኘው ጭነቱ በርዝመቱ ካሬ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ነው፤ ለግራው 60፣ ለቀኙ 40 ይደርሳል። መሐሉ ላይ 60 በአንድ ወገን፣ 40 በተቃራኒው ይታገላሉ፤ ትርፉ 20 ነው። ቁልፉ ሲፈታ ይህ 20 ይከፈላል። አጭሩ ክፍል ይበልጥ ግትር ስለሆነ 0.6ውን ይወስዳል፤ ረጅሙ 0.4ውን። 12 እና 8 ማለት ነው። ከ60 ላይ 8 ሲነሳ 52፤ 40 ላይ 12 ሲጨመር 52። ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። የተካፈሉት ግማሽ፣ 4 እና 6፣ ሳጥናቸውን ለብሰው ወደ ዳር ይሻገራሉ፤ የግራው ዳር 64፣ የቀኙ ዳር 34 ሆኖ ያልቃል።

ስሌቱ ከዚህ አይበልጥም። እኔን ያቆመኝ አቀማመጡ ነው። ሥዕሉ ከላይ፣ በልኬት ተሥሏል፤ ለ1 ሜትር 2 ካሬ። ሰንጠረዡ ከሥሩ ነው፤ ግን ሰንጠረዥ እንደሚሠመረው ዓምዶቹ እኩል አይደሉም። የግራው ሰፊ፣ የቀኙ ጠባብ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ከቢሙ ጫፍ በቀጥታ ቱንቢ እንደተጣለለት ወርዷል። 64 የተጻፈው ከግራው ግድግዳ ሥር ነው። ሁለቱ 52ዎች ከመሐሉ ምሰሶ ግራና ቀኝ ቆመዋል። የሚሻገሩት 4 እና 6 ሲሻገሩ ያለፉበት መንገድ በቀስት ታይቷል። ስለዚህ ዓይኔ ቁጥሩን ሲያነብ ቁጥሩ የሚሠራበትን ቦታም አብሮ ያያል። ቢሙን ሳላስብ ቁጥሩን መሸምደድ ብፈልግ እንኳ ገጹ እሺ አይለኝም። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩበት መጽሐፍ ሥዕሉን በአንድ ገጽ፣ ሰንጠረዡን በሚቀጥለው ገጽ አድርጎ ነበር ያተመው፤ ለአንድ ሴሚስተር ያህል ቁጥሮቹ የመዝገብ ሒሳብ ይመስሉኝ ነበር።

ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ የመጋዝ ጥርሱ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ያው ቢም ነው፤ ግን የቀኙን 40 ምልክቱን አሳስታ መዝግባዋለች። መቀናነስ የነበረባቸው 60 እና 40 ተደምረው 100 ሆነዋል፤ 100ው 40 እና 60 ሆኖ ተከፍሏል፤ መሐሉ ላይ በአንድ ወገን 20፣ በሌላው ወገን ደግሞ ተቃራኒ ምልክት ያለው 20 ወጥቷል። ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው ማረጋገጫ ሁለቱ ሲደመሩ ዜሮ መምጣቱ ነው። መጣ። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «ማረጋገጫው ልክ ነው ይላል፤ መልሱ ግን ልክ አይደለም።» ቀጥላ፦ «መሐል የሚወጣው ቁጥር ከ40 እና ከ60 መካከል መውደቅ አለበት። 20 ከየት መጣ?» ከዚያም በትንንሽ ፊደል፣ ጥግ ላይ፦ «ይህ የሚሠራው የሚፈታው ቁልፍ አንድ ብቻ ሲሆን ነው።»

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ማረጋገጫን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ማረጋገጫው ራሱ የሚያሳልፈውን ስሕተት ማግኘት፣ ለእሱ ሌላ ማረጋገጫ ማበጀት፣ የተበጀውም ማረጋገጫ የት ድረስ እንደሚያገለግል ወሰኑን መጻፍ ግን ሌላ ነው። ይህን ያደረገችው የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ማንም ሳያዛት፣ ነጥብ ሳይሰጥበት። ገጹን ለምን እንዳልቀደደችው ጠየቅኋት።

«መልሱን እኮ ማንም ያገኘዋል» አለች። «ስሕተቱን ግን ሁለት ሌሊት ነው የፈለግሁት። የሁለት ሌሊት ሥራ ይቀደዳል?»

ከየገጹ በውጭ በኩል አንድ ሦስተኛው ለጥያቄ ተለይቷል። ክፍል ውስጥ ባዶውን ትተወዋለች፤ ማታ ዶርም ስትገባ፣ የቀኑን ትምህርት በጥያቄ መልክ ትጽፍበታለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ፓውክ የሚባል መምህር ለተማሪዎቹ ተመሳሳይ አከፋፈል አስተምሯል፤ በዓለም ላይ በዩኒቨርሲቲው ስም ይታወቃል። እሷ ስሙንም አልሰማችም። የእሷ ጥያቄዎች ደግሞ «ምንድን ነው?» ብለው አይጀምሩም። «ምሰሶው ባይኖርስ?» ይላሉ። «ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ቀድሞ የሚሰነጠቀው የት ነው?» «ለምን ግማሽ? ለምን ሲሶ አይሆንም?» መልሱን በመታወቂያ ካርዷ ሸፍና ራሷን ትጠይቃለች፤ በሳተች ቁጥር ከጥያቄው ጎን አንድ ነጥብ ታኖራለች። ሰባት ነጥብ ያለው ጥያቄ አይቻለሁ። ሰባተኛው ነጥብ ላይ ቀለሙ የተለየ ነው፤ በሌላ ወር የተቀመጠ ይመስላል።

ይህ ሸፍኖ ራስን መጠየቅ ከንባብ ይልቅ ለምን እንደሚጠቅም የለኩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው፣ ወረቀቱን ዘግተው፣ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የደገሙት ጽሑፍ ውጤት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽፈው ባስታወሱት ከመቶ 56 ሲያገኙ፣ በደገሙት 42 አገኙ። የሸምዳጅ ተማሪ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ በፈተናው ዋዜማ ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል፤ ስሜቱም ለዚያች ሌሊት እውነት ነው። ነጥቦቹ ይህን ስሜት የሚጠራጠሩ የእጅ ሥራዎች ናቸው።

ደብተሩ እንከን የለበትም አልልም። «ኢንፍሉዌንስ ላይን» የሚለው ምዕራፍ ከሁሉም ያማረ ሥዕል አለው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የታተመ የሚመስል። ኅዳጉ ግን ባዶ ነው። አንድም ጥያቄ፣ አንድም ነጥብ የለም። ያኔ በኮፒው ሳጠና ይህ ምዕራፍ ለምን እንዳልገባኝ አሁን ገባኝ። «ያን ሰሞን ታምሜ ነበር፤ ከሰው ነው የገለበጥኩት» አለችኝ። የተገለበጠ ነገር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የእርሳስና የእስክሪብቶ ልዩነት እንኳ የለበትም።

ከጀርባ በኩል ደብተሩ ተገልብጦ ይጀምራል። እዚህ ያለው ሌላ ሥራ ነው፤ የጥናት ግሩፓቸው መዝገብ። ስድስት ነበሩ፤ ሐሙስና እሑድ ማታ ባዶ ክላስ ፈልገው ይቀመጡ ነበር። ከላይ አንድ ደንብ ብቻ ተጽፏል፦ «ያልገባው ሰሌዳ ይወጣል፤ የገባው ቁጭ ብሎ ይጠይቃል።» በብዙ ግሩፕ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጎበዙ ጠመኔውን ይይዛል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ ጎበዙ ይበልጥ ጎብዞ ይሄዳል። ከደንቡ ሥር ሰንጠረዥ አለ፤ ስሞች ወደ ታች፣ ሳምንታት ወደ ጎን። በዚያ ማታ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው አጠገብ ባዶ ክብ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚጀምረው እሱ ነው፤ ሲጀምር ክቡ በቀለም ይሞላል። ሰንጠረዡን ከራቅ ብሎ ላየው ባዶ ክቦቹ በመጀመሪያው ወር ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ወደ ሴሚስተሩ ማብቂያ እየሳሱ ይሄዳሉ። አንዱ ስም ላይ ለሦስት ሳምንት ምንም ምልክት የለም፤ ኅዳጉ ላይ «ዶርሙ ሄደን አየነው» ይላል፤ ከዚያ ክቦቹ ይቀጥላሉ።

የራሷ ስም ከስድስቱ አራተኛው ላይ ነው። ባዶ ክብ አንድም ጊዜ የለበትም። በምትኩ በሦስት ቦታ፣ በቀይ፣ በተሰበረው የመጋዝ መስመር ታጅቦ፣ «ዛሬ እኔ ብዙ አወራሁ» ተብሎ ተጽፏል።

መሪነት የሚባለውን ነገር እዚህች አራት ቃል ላይ ከፍ ብሎ አየሁት። በስሕተት ምልክት አስገብታዋለች፤ የቢሙን ምልክት ከማሳሳት ጋር እኩል አድርጋ። ለአንድ ቀን የሚሰጥ የመሪነት ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ፤ ወረቀቱም ተሰጥቶኛል፤ ያን ቀን ማን ዝም እንዳለ የመዘገበ ሰው አላየሁም። አገራችን ግን ይህን ሥራ ታውቀዋለች። በአብነት ትምህርት ቤት ላቅ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽለዋል፤ የኔታ ያሉትን ጀማሪው በራሱ አንደበት መልሶ እስኪለው ድረስ፣ በጥላው ሥር ወይም በጎጆው በር፣ ደግሞ ደጋግሞ ያስብለዋል። የሚያስቀጽለው ከፊት ቆሞ አይሰብክም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ሲስት ይመልሰዋል። ከዚያ ጉባኤ ሊቅ ሆኖ የሚወጣው ለዓመታት የሌላውን ስሕተት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ይዞ ነው።

ሁለተኛዋ ደብተር ትንሽ ናት፤ ኪስ ትገባለች። ጠርዟ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። አራተኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ በወጣችበት ሳይት የያዘቻት ናት። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ዓምድ አለው፦ «ያየሁት»፣ «የጠየቅሁት»፣ «በእጄ የሠራሁት»። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለው ጭረት ብቻ ነው። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። ሊሞላ የሚችል ነገር ባጣችበት ቀን ባዶ መሆኑን ጽፋ መዝግባለች።

ሁለተኛው ዓምድ ግን ገና በሦስተኛው ቀን ሞልቷል። አንድ አንጋፋ ፌራዮ ስታፋ ሲያጥፉ ታያለች፤ የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት ማለት ነው። ጫፉን እንደ ማዕዘን ቀጥ አድርገው አይተዉትም፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ይጠመዝዙታል። ጊዜ ይፈጃል፤ ጉልበትም ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚያጥፉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። የመለሱላት ቃል በቃል ሰፍሯል፦ «በሩ ክፍት ከሆነ ልጄ፣ ውስጥ ያለው ይወጣል።» ከእሳቸው ቃል ሥር፣ ማታ ዶርም ገብታ፣ ምክንያቱን ጽፋለች። ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ሲታጠፍ፣ መሬት ተንቀጥቅጦ ውጭ ያለው አርማታ ሲረግፍ፣ የሚይዘው ስለሌለ ይከፈታል፤ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ አርማታው ልብ ሲገባ ግን ውጭው ቢረግፍም ይዞ ይቀራል። የፌራዮው ቃል ከላይ፣ የመጽሐፉ ምክንያት ከሥሩ። ቅደም ተከተሉን ቀይራ ብትጽፈው ኖሮ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን የተማረችበትን ቅደም ተከተል ጠብቃለች፤ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሕንፃ በሚሠራ አገር ይህን ከእጃቸው የምናገኝባቸው ሰዎች አሉን፤ በደብተር ግን ብዙ ጊዜ አይገኙም።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ከጭረት ሌላ ነገር መጀመሪያ የሚገኘው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የአርማታው ቅጥነት የሚለካበትን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ኮን የሞላችው እሷ ናት። በሦስት ንብርብር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። «ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ደፍቼ ከመጀመሪያ ሞላሁት» ይላል። ቀጥሎ ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩን ኩብ መሙላት፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ወደ መሰበሪያው መውሰድ፣ የሶሌታ ፌሮ ከመሸፈኑ በፊት ቆጥሮ ከፕላኑ ጋር ማመሳከር እያለ ይሄዳል። በመጨረሻው ወር ሦስተኛው ዓምድ ሌሎቹን ገፍቶ የገጹን ግማሽ ይዟል። ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ሲቪዋን ከዚህች ደብተር ጋር ይዛ ትሄድ ነበር። አንድ ጠያቂ ሲቪውን ወደ ጎን ብሎ ጭረቶቹን ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው እንደቆየ ነገረችኝ፤ ቀጥሎ የጠየቃት ስለ ኮኑ ነበር።

ትልቁ ደብተር በ2015 ዓ.ም. እንደገና ከመደርደሪያ ወርዷል። ያን ዓመት በመላ አገሪቱ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ሆነ፤ ተመራቂዎች ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት የተማሩትን ሁሉ በአንድ ቀን መጠየቃቸው ነበር። የዘመዷ ልጅ መጥቶ ለመነ፤ ኮፒው ሳይሆን ዋናው ተሰጠው። እሱና ጓደኞቹ ለወራት ይዘውት ቆይተው መለሱት። ፕላስተሩን የለጠፉት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻውን ገጽ ያሳየችኝ ቡናው ቀርቦ፣ አቦል ከተጠጣ በኋላ ነው። ከላይ ያው ቢም አለ፤ 6 ሜትርና 4 ሜትር፣ 64፣ 52፣ 34። ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦ «የመሐሉ ምሰሶ ትንሽ ቢሰምጥ 52ቱ ምን ይሆናል?» የቀረው ገጽ ባዶ ተትቶ ነበር። አሁን ባዶ አይደለም። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ «ይጨምራል» ተብሏል። በዚያ ላይ በሦስተኛ እጅ መስመር ተሠርዞ፣ «ይቀንሳል፤ የሰመጠ ምሰሶ ድርሻውን ሙሉ አይሸከምም» ተጽፏል። የሠረዘው ልጅ የሠረዘበትን መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ አድርጎ ሰብሮታል።

«መልሱን አታውቂውም ነበር?» አልኳት።

«ስጽፈው አላውቀውም ነበር። ሳውቀው ደግሞ ቦታው የኔ አልመሰለኝም።»

ገጹን ደግሜ አየሁት። ሁለተኛው መልስ ልክ ነው፤ ግን ጎድሏል። ምሰሶው ያልተሸከመው ነገር የት እንደሄደ አይናገርም። ቀና ስል እስክሪብቶ ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር። ጥቁር ነው። ከሁለቱ እጆች ሥር፣ ከጥራዙ ሁለት ጣት ራቅ ብዬ፣ «ከመሐል የቀነሰው ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል፤ 64ቱም 34ቱም ይጨምራሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ወስዳ አነበበችው።

«በስንት?» አለችኝ።